ሲምፎኒን በትከሻ ልክ የሰፋው አለልኝ

ሌቦቹን የያዝኳቸው ኩፓት ሖሊም፣ ክሊኒኩ፣ ሄጄ የሐኪም ተራ ስጠብቅ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ጥቁር የለበሱ ሰዎች ተደርድረው ይጫወታሉ። ፊታቸው ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስላል። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ኋላ ግን እግሬ ሳላዘው ወለሉን መምታት ጀመረ፤ ትከሻዬም ነቃ። ይህን ዜማማ አውቀዋለሁ! ዘመዳችን ጋል ስታገባ ጫማችንን አውልቀን የጨፈርንበት፣ የብንያም ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ባር ሚጽቫ ሲደገስለት ይደገም ብለን ያስደገምነው፣ የእህቴ ልጅ የአለልኝ ዘፈን ነው።

"ሰረቁት!" ብዬ ተነሣሁ።

አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቀፈ። "ምን ሰረቁ? ማን ሰረቀ?"

"እነዚያ! የእህቴን ልጅ ዘፈን!"

ቴሌቪዥኑን አየ፤ እኔን አየ። "ጌቬሬት፣ ይህ እኮ ሲምፎኒ ነው። የደረሰው ሰውዬ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል" አለኝ።

"እንግዲያው ልጆቹ ናቸው የሰረቁት" አልኩት።

ነርሷ ስሜን ስትጠራ እኔ በሩ ጋ ደርሻለሁ። የደም ግፊቴን ሳልለካ ወጣሁ፤ ቢለኩኝ ኖሮ መሣሪያው ይፈነዳ ነበር። አውቶቡስ ይዤ በቀጥታ ነቬ ሐይም ሰፈር፣ አለልኝ ቤት።

አለልኝ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ኦርጋኑን በጨርቅ ይወለውላል። ሚስቱ ያፊት አጠገቡ ልብስ ታሰጣለች።

"አንተ እዚህ ትወለውላለህ፣ እዚያ መቶ ሰው ተሰብስቦ ዘፈንህን ይዘርፍልሃል!"

"የትኛውን፣ እትዬ?"

እያጨበጨብኩ ሞቅ አድርጌ አዜምኩለት። ጎረቤቱ መስኮት ከፈተ። አለልኝ ጨርቁን ጣለ፤ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። ያፊት ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ "ንገራቸው! ስንት ዓመት ደብቀህ፤ ዛሬ ይውጣልህ" አለችው።

"እትዬ" አለኝ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ "የሰረቅኩትስ እኔ ነኝ።"

ስለ አለልኝ ለመጻፍ የተነሣሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የእህቴ ልጅ ስለሆነ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ከጎንደር ገጠር ወጥተን በሱዳን በኩል ስንመጣ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ጎረምሳ ነበር። መጀመሪያ ባሳረፉን መርካዝ ክሊታ፣ መጤዎች በሚኖሩበት ግቢ፣ አንድ ሰው ጥሎት የሄደ አሮጌ ኦርጋን አገኘ። መሃል ላይ ሁለቱ ቁልፎቹ የሞቱ ነበሩ፤ ቢጫኗቸው ትንፍሽ አይሉም። አለልኝ በዚያ ኦርጋን የአገራችንን ዘፈን ሁሉ ተጫወተ፤ የሞቱ ቁልፎች እንዳሉት ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ያወቀው። የእኛ ዘፈን አምስት ድምፅ ይበቃዋል፤ እሱም ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ስለሚጀምር እነዚያን ሁለቱን ነክቷቸው አያውቅም።

"ደህናውን ኦርጋን ስገዛ ሁለቱ ድንገት ጮኹብኝ። የማላውቀው ሰው ሳሎኔ ገብቶ የተቀመጠ መሰለኝ" ይላል።

ሥራው ወረቀት ፋብሪካ ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ ማሽን ጠብቋል። አብሮት ፈረቃ የሚገባው ሺሞን የሚባል ሰው ሬዲዮኑን ከሲምፎኒ ጣቢያ አያነሣም። አለልኝን መጀመሪያ ራሱን አመመው።

"ምኑ ነው ያመመህ?" አልኩት።

"አያልቅማ! አንድ ደስ የሚል ዜማ ይሰጡዎታል፤ እሰይ ብለው ሊዘፍኑት ሲሉ ይነጥቁዎታል። ይቆራርጡታል፣ ይገለብጡታል፣ ለዋሽንት ይሰጡታል፣ ከዋሽንት ይቀሙታል፣ ነጎድጓድ ይለቁበታል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲመልሱልዎ አርጅቷል፤ አያውቁትም።"

"ታዲያ አንተ ምን አደረግህ?"

"እኔማ ገና እንደሰጡኝ ይዤው እሮጣለሁ።"

ሙያው ይኸው ነው። ዜማውን በአፉ እያጉረመረመ ቤት ይገባል፤ ያፊት ስታናግረው አይመልስላትም፤ አፉን ከከፈተ ይጠፋበታልና። ኦርጋኑ ላይ ይቀመጥና በእኛ ቅኝት የሌሉትን ድምፆች ምስር እንደሚለቅም ሰው እየለቀመ ያወጣል። ከዚያ ምቱን ይቀይራል። ሲምፎኒው ቀጥ ብሎ፣ ሱፍ እንደለበሰ ሰው ነው የሚሄደው፤ አለልኝ ሶምሶማ ያስረግጠዋል። ከዚያ ለጭብጨባው ቦታ ይለቅለታል፤ ለተቀባዮቹ ቦታ ይለቃል፤ በመጨረሻ የአማርኛ ቃል ያለብሰዋል። እንዲህ ተሰፍቶ ሲወጣ የገዛ አባቱ አያውቀውም። እኛም አላወቅነውም፤ ስንት ዓመት በፈረንጅ ሲምፎኒ እስክስታ ስንወርድ "የአባቶቻችን ዜማ" እያልን እንባ አውጥተናል!

ፈተናም አለው። ፈታኞቹ እኔና ብርቱ ነን፤ መፈተናችንን ግን አናውቅም ነበር። ብርቱ እኩያዬ፣ ጎረቤቴ ናት። ዓርብ ጧት ጧት ናሓል ሀደራ መናፈሻ ባሕር ዛፉ ሥር አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ አለልኝም በባትሪ የሚሠራውን ትንሿን ኦርጋን ይዞ ይመጣል። እኛ የሚመጣው እኛን ሊያጫውተን ይመስለናል። ለካ ዓይኑ የብርቱ ትከሻ ላይ ነው። ብርቱ አፏ ያሻውን ይላል፤ ትከሻዋ ግን አይዋሽም። ዜማው ሲደገም ትከሻዋ ካልተነሣ አለልኝ ያን ዘፈን እዚያው ይጥለዋል።

አለልኝ ፊት ይህን ስነግራት ብርቱ ተቆጣች። "ስንት ሲምፎኒ በኔ ሰበብ ወንዝ ገባ ማለት ነው? ለምን አልነገርከኝም? አንድ ነገር እቀምስ ነበር እኮ፤ በየዓርቡ ቡሬካስ ሳታመጣ ትፈትነኛለህ!"

"ከበሉማ ትከሻው ይከብዳል፣ እትዬ ብርቱ።"

ይህ ሁሉ ሳቅ በነበረበት በዚያው ወራት አለልኝን አንድ ነገር ከነከነው። ሴት ልጁ ኦሸሪት ልታገባ ነው። እሷ ነርስ ናት፤ እጮኛዋ ኤሊራን እዚሁ ሀደራ ተወልዶ ያደገ መሐንዲስ ነው። እንደምታውቁት አሁን ሠርግ ላይ ዲጄይ ነው የሚጠራው፤ በየሠርጉ ሲያጫውት የኖረው፣ አለልኝ ኦርጋን የሚባለው ሰው እንደ እንግዳ ተጋብዞ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጠረጴዛ ላይ ጣቱን እያንኳኳ ተቀምጦ መመለስ ከጀመረ ከራርሟል። አንድም ቀን አልከፋኝም አላለም። አንዲት ነገር ብቻ ፈለገ፤ ኦሸሪት ወደ ሑፓው፣ ወደ ሠርጉ ድንኳን ስትገባ የምትገባበትን ዜማ እሱ እንዲጫወትላት።

እኔ ቤታቸው በነበርኩበት ቀን አነሣው።

"አባ፣ ዲጄይ ይዘናል። ሊሮይ ይባላል፤ በጣም አሪፍ ነው" አለችው ኦሸሪት።

"ሊሮይ ያስጨፍራችሁ። እኔ መግቢያውን ብቻ።"

ልጅቱ እጮኛዋን አየችው። "መግቢያውን ኤሊራን መርጦታል።"

ኤሊራን ስልኩን አውጥቶ አሰማን። የሲምፎኒ ዜማ ነው፤ ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ። አያቱ ሳቭታ ፋይና ከሩሲያ ስትመጣ ይዛው የመጣችው፣ እሱን ስታስተኛ የምታጉረመርምለት ዜማ ነው። አለልኝ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ መላወስ ጀመሩ። ያፊት ወዲያው አየችና "አለቀልን" ብላ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

"ይህንን እኔ ልጫወተው" አለ።

"አባ! ይሄ ኦርኬስትራ እኮ ነው!"

"እና? እኔ ስንት ኦርኬስትራ ድሬያለሁ።"

ኦሸሪት ሳቀች፤ ልቧ ግን አላመነም። የሠርጓ ዕለት ዜማው ሌላ ሆኖ የባሏን አያት እንዳያስቀይም ፈርታለች። "እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ሳቭታ ፋይና ማንም ሳይነግራት ካወቀችው ያንተ ነው። ካላወቀችው ሊሮይ ከስልክ ይለቀዋል፤ አንተም አትከፋብኝም። ተስማማን?"

"ተስማማን" አለ አለልኝ።

በሳምንቱ ዓርብ ባሕር ዛፉ ሥር ተሰበሰብን። ዜማውን አስቀድሞ በብርቱ ትከሻ ፈትኖታል፤ ብርቱ ከአግዳሚው ልትወድቅ ነበር የደረሰችው። ኤሊራን አያቱን ክፋር ብራንዳይስ ከሚባለው ሰፈር በመኪና አመጣት። ሳቭታ ፋይና ቀጭን ናት፤ የሳር ባርኔጣ አድርጋለች፤ ሩሲያ እያለች በከተማዋ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ስትጫወት የኖረች ሴት ናት። ዕብራይስጧ እንደኛው ስብርብር ያለ ስለሆነ ወዲያው ተግባባን።

አለልኝ ተጫወተ። ሶምሶማው እንደ ቅቤ ነው! ብርቱ ትከሻዋን ለቀቀች፤ ወዲያ ማዶ ሥጋ የሚጠብሱት ሰዎች ሳይቀሩ ማራገቢያቸውን በምቱ ያወዛውዙ ጀመር። ፋይና ባርኔጣዋን ይዛ፣ ራሷን እያወዛወዘች፣ እየሳቀች ሰማች። ሲያበቃ አጨበጨበች።

"ዮፊ! እንዴት ደስ ይላል! ምንድን ነው? የኢትዮጵያ ነው?"

ኦሸሪት ጫማዋን አየች። ኤሊራን ሰማይ አየ። አለልኝ እጁን ከኦርጋኑ ላይ አነሣና የት እንደሚያኖረው ጠፋው።

"አባ..." አለች ኦሸሪት በቀስታ።

"አንድ ሳምንት ጨምሪልኝ" አላት። እሷም አባቷን አንዴ አይታ እሺ አለች።

ያ ሳምንት ያፊትን አሳበዳት። "ጠረጴዛውን ይደበድባል፣ የሰላጣ ሳህን ይደበድባል፣ ትናንት ጀርባዬን ሲደበድብ ቆይቶ 'አንቺ ነሽ እንዴ?' አለኝ" እያለች መጥታ ነገረችኝ።

ችግሩን እኔም አየሁት። አለልኝ ለቅሞ ካወጣቸው ድምፆች አንዱ ለካ የዜማው ዓይን ነበር። እሱን ሲያወጣው ዜማው ታወረ፤ ፋይናም አላወቀችውም። መልሶ ሲያስገባው ደግሞ ብርቱ ትደናቀፋለች።

"እዚህ ጋ ደረጃ አለ" ትላለች ትከሻዋን እያሻሸች። "ወርጄ ወርጄ፣ ድንገት እግሬ አጣው።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ደረጃው አለ። ማን ነው እዚህ ደረጃ የሠራው?"

"ጀርመን ይሁን ሌላ፣ እንጃ።"

"ንገረው ያፍርሰው!"

ድምፁን ያወጣል፤ ብርቱ ትጨፍራለች፤ ኦሸሪት በዓይነ ልቦናው ትመጣና በስልክ ዜማ ስትገባ ይታየዋል። ያስገባዋል፤ ብርቱ ትቆማለች። አንድ ሰው ሁለት አማት ያለበት መሰለ። በመጨረሻ ያገኘው ብርቱን ዝም ብሎ ሲያያት ነው። ብርቱ ከስንኝ ስንኝ ስትሻገር ትከሻዋን ጣል አድርጋ አየር ትስባለች። አለልኝ ጣቱን አነሣና "እትዬ ብርቱ፣ እስቲ እንደገና ይተንፍሱ" አላት።

"ምን ሆነሃል? ሐኪም ነህ?"

ተነፈሰች። እሱም ያን እንግዳ ድምፅ ልክ ትንፋሿ ላይ አሳረፈው፤ ማሲንቆ ላይ ጣት እንደሚንሸራተት አድርጎ፣ ነካ፣ አለፍ። ደረጃው ጠፋ። ብርቱ ሳታውቀው ተሻገረችው። ሌላም ነገር ጨመረበት፤ የእኛም ዘፋኝ ሲጀምር ያለ ምት፣ ቀስ ብሎ፣ ለብቻው አይደል የሚያንጎራጉረው? የመጀመሪያዋን መሥመር እንዲሁ ለቀቃት፤ ምቱ ከኋላ መጣ። ቃሉንም አለበሰው፦

ቀስ ብለሽ ተራመጅ፣ ምን ያስቸኩልሻል፤
የኛ ደጅ ሸኝቶሽ፣ ያኛው ይቀበልሻል።

በቀጠሮው ቀን ፋይና እዚያው አግዳሚ ላይ ብርቱካን እየላጠች ነበር። አለልኝ አላያትም፤ ማየት ፈርቷል። የመጀመሪያዋ መሥመር ሳታልቅ የፋይና ቢላዋ ቆመ። ልጣጩ ተንጠለጠለ። ምቱ ሲገባ ብርቱካኑን ለብርቱ አስጨብጣ ተነሣች።

"ይሄ የኔ ነው!" አለች። "ኤሊራን! ይሄ የኔ ነው! ማን ሰጣቸው?"

ኦሸሪት ጮኸች። አለልኝ መጫወቱን አላቆመም፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይሁን በለቅሶ ይንቀጠቀጣል። ብርቱ በአንድ እጇ ብርቱካን ይዛ እልልታዋን ስትለቀው ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ብድግ አሉ።

እኛ ፋይና ዜማዋ በመለወጡ ታዝናለች ብለን ስንፈራ፣ እሷ ሌላ ቁጭት ነበራት። ቁጭ ብላ ነገረችን። በኦርኬስትራው ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን ነበረች። ዜማውን የሚጫወቱት አንደኞቹ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ከሥር ሆነው ጡም ጡም ጡም ይላሉ። "ዕድሜዬን ሁሉ ጡም ጡም አልኩለት። ዜማውን አንድ ቀን ስጡኝ ብል ማን ይሰጠኛል? ቤቴ ገብቼ ለሕፃን አጉረመረምኩት እንጂ። በከተማችን የትራም ሾፌሩ እንኳ ያፏጨው ነበር፤ የብልግና ቃል አስገብቶበት!"

"ምን የሚል?" አለች ብርቱ ወዲያው።

ፋይና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። ብርቱ ሰማች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተጋደመች። እስከዛሬ ምን እንደሆነ አልነገረችንም፤ ስንጠይቃት ትስቃለች እንጂ።

ፋይና ቃሉን አስተምሩኝ አለች። በሩስኛ ፊደል በሶፍት ወረቀት ላይ ጻፈችው። ከዚያ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ እሷ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። መናፈሻ የሚመጡት ሴቶች ተጨመሩ፤ የነቬ ሐይም አሮጊት ሁሉ አወቀው። አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ የማላውቃት ልጅ ስታጉረመርመው ሰማሁ። ሠርጉ ገና ሳይደርስ ዘፈኑ ቀድሞ ከተማ ገብቷል።

ኦሸሪት በስልክ "አባ፣ ዜማው ዝግጁ ነው?" ስትለው "ዝግጁ ነው" ይላታል። እሷም እሺ ብላ ትዘጋለች። እዚህች ጋ ነው ሁላችንም ያበድነው፤ ማበዳችንን ግን ሠርጉ ቀን ነው ያወቅነው።

ሠርጉ ከሀደራ ወጣ ብሎ በብርቱካን እርሻ መካከል ባለ አዳራሽ፣ ሜዳው ላይ ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ኤሊራን ከወላጆቹ ጋር ገብቶ ሑፓው ሥር ቆሟል፤ አጋቢው ራብ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ጽዋውን ይዟል። አለልኝ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ትልቁን ኦርጋን ምንጣፉ ዳር አቁሞ፣ ጣቶቹን እያፍተለተለ ይጠብቃል። እኔ፣ ብርቱና ፋይና ከፊት ተቀምጠናል። ኦሸሪት ከምንጣፉ ጫፍ ነጭ ለብሳ ስትታይ ሁላችንም እፍፍ አልን።

የአዳራሹ አስተባባሪ ዳና የምትባል ልጅ ናት፤ ጆሮዋ ውስጥ ሽቦ አለ። "የሙሽራዋ አባት!" ብላ ተጣራች። "አባት የት አለ?"

"ይኸውና!" አለ አለልኝ ከኦርጋኑ ጀርባ እጁን አውጥቶ።

"እዚያ ሳይሆን እዚህ! ከሙሽራዋ ጎን! እናት በዚህ፣ አባት በዚያ!"

ብርቱ ፊቷን ወደኔ አዞረች። በአገራችን ሙሽራን አባቷ ክንዷን ይዞ አያስገባም፤ እኛ አሮጌዎቹ ያን ሁሉ ሳምንት ስለ ድምፅ፣ ስለ ትከሻ፣ ስለ ትንፋሽ ስንጨነቅ አንዳችንም ይህን አላሰብንም። አለልኝማ ይባስ! ስንት አባት ሴት ልጁን ይዞ ሲያልፍ ከኦርጋኑ ጀርባ ሆኖ አጅቧል፤ አንድ ቀን እሱም ከአባቶቹ መካከል እንደሚሆን ግን አልመጣለትም።

ኦሸሪት ቀሚሷን ሰብስባ በምንጣፉ ላይ ሮጠች። "አባ! ዝግጁ ነው አላልከኝም? ቀድተህ ለሊሮይ የላክህለት መስሎኝ እኮ ነው!"

"ዝግጁ ነው እንጂ! ይኸው!" ብሎ አሥሩን ጣቶቹን ዘረጋላት።

"ጣትማ እንዴት ይላካል!"

ሊሮይ ከማዶ "ችግር የለም፣ ዋናውን ከስልክ እለቃለሁ፤ ሬጋ፣ ትንሽ ጠብቁኝ" አለ። ያፊት በወርቃማ ቀሚሷ ቆማ "ወይ ተጫወት ወይ ተራመድ! ራቡ ቆሟል!" አለች።

አለልኝ ኦርጋኑን አየ። ስንት ሳምንት የለፋበት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ልጁን አየ። የኦሸሪት ዓይን ሞልቶ ኩሉ ሊወርድ ደርሷል። "አባ፣ አንተ ከሌለህ አልገባም" አለችው።

ሌላ ነገር አላለም። ኦርጋኑን አጠፋው። "ሊሮይ፣ ልቀቀው" አለና መጥቶ ከልጁ ጎን ቆመ፤ ክንዱን ሰጣት። እጁ ባዶ ስለሆነ አያያዙ እንኳ ጠፍቶበታል፤ ያፊት አስተካከለችለት።

ሊሮይ ስልኩን ይነካካል። "ኔት የለም" አለ። ስልኩን ወደ ሰማይ አነሣ፤ ወንበር ላይ ወጣ።

እሱ ወንበር ላይ እያለ ነው ፋይና የተነሣችው። ባርኔጣ የላትም፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። ምርኩዟን ለብርቱ ሰጠችና በዚያ በሻከረ ድምፅዋ፣ በሩስኛ ምላሷ፣ ያለ ምት፣ ለብቻዋ አወጣችው፦ "ቀስ ብለሽ ተራመጅ..."

ከጎንደር የመጣው ሁሉ አንገቱን አዞረ። የሩሲያው ወገንም አንገቱን አዞረ። ፋይና መሥመሩን ጨረሰች፤ ትንፋሽ ሳበች፤ ያን እንግዳ ድምፅ ነካ አድርጋ አለፈች። ከዚያ እኔ ተቀበልኩ። ብርቱ በምርኩዙ መሬቱን መታች። የናሓል ሀደራ ሴቶች ከየወንበራቸው ተነሡ፤ ጭብጨባው እንደ ዝናብ ወረደ። አንድ ኦርጋን ሳይኖር፣ አንድ ሽቦ ሳይኖር፣ ሜዳው ሁሉ ዘፈነ። የኤሊራን አጎቶች ቃሉን ስለማያውቁ ጡም ጡም ጡም እያሉ ከሥር ያዙ።

አለልኝ ግን አልተንቀሳቀሰም። የሠራውን ዘፈን በሰው አፍ ሆኖ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሰምቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ እሱ ከኋላው ነበር።

"አባ፣ ሂድ እንጂ" አለችው ኦሸሪት፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

"በየትኛው እግር?"

"በፈለግኸው!"

ተራመደ። ፋይና የምታወጣው ቀስ ያለ ነው፤ እኛ የምንቀበለው ሶምሶማ ነው፤ አለልኝ በአንዱ መሥመር እንደ ንጉሥ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ይዘላል። ሙሽራይቱም አብራው ትዘላለች፤ ያፊት ከወዲያ በኩል ቬሏን ይዛ "ቀስ! ቀስ!" ትላለች። ዳና ሽቦውን ከጆሮዋ አውጥታ ታጨበጭባለች። ሊሮይ ወንበሩ ላይ እንደቆመ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሑፓው ሥር ደረሱ። ራቡ ጽዋውን አነሣ፤ ጠበቀ። ዘፈኑ ግን አያቆምም። ኦርጋን ያለው ዘፈን ኦርጋኑ ሲያበቃ ያበቃል፤ ይኼኛውን ማን ያብቃው? ፋይና አንዴ ዜማው እጇ ከገባ ልትለቅ አይደለም፤ ብርቱም ምርኩዙን ልትመልስ አይደለም። ራቡ ጉሮሮውን ጠረገ። አለልኝን አየው።

አለልኝ ወደኛ ዞረና አቁሙ ለማለት እጁን ከፍ አደረገ። እኛ ደግሞ ያን እጁን ከመናፈሻው እናውቀዋለን፤ እጁን ሲያነሣ "ከመጀመሪያው" ማለቱ ነው።

ከመጀመሪያው ጀመርን።